ግድቡን ያፈረስንበት ኅዳር

የምኖረው እንጅባራ ነው፤ የምሠራው የወባ ሥራ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ። እንጅባራ ላይ ጠዋት ሲነሱ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል፤ ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባል፤ ትንኝ ተፈልጎም አይገኝ። ግን ከእንጅባራ ተነስቶ፣ ዳንግላን አልፎ፣ በምዕራብ በኩል ወደ ቆላው ቁልቁል የወረደ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሹራቡን አውልቆ ክንዱ ላይ ያንጠለጥላል። ወባ ያለው እዚያ ነው። የእኔ ሥራ፣ ከወትሮው የበዛ ትኩሳት አለ ሲባል ወርዶ ማየት፣ ከየት እንደመጣ መፈለግ፣ ከዚያ የሚቻለውን ማድረግ ነው። የሚቻለው ነገር ምን ያህል ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ግን እስከዚያ ኅዳር ድረስ በደንብ አልገባኝም ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ስልኬ ጠራ። የደወለችልኝ ከዳንግላ በታች ባለች ቀበሌ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ስብሰባ ላይ ነው የተዋወቅነው፤ ሳቂታ ልጅ ናት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጓደኞቿን በሳቅ የምታፈርስ። ያን ቀን ግን ድምፅዋን ለየሁት ማለት አልችልም።

«እትዬ፣ ሰው እየወደቀብን ነው» አለችኝ።

«ትኩሳት ነው?»

«ትኩሳትማ በየዓመቱ አለ። ይሄ ሌላ ነው። ጤፉ ደርሶ የሚያጭደው ጠፍቷል። ትምህርት ቤቱ ባዶ ሆኗል፤ መምህራኑም ተኝተዋል። እኔም ትናንት…»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልገባ አለኝ። «እኔም ትናንት» ያለችው ነገር ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ወረድን። አንዱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ዝምተኛ ሰው፣ ከሰው ይልቅ ከማይክሮስኮፑ ጋር መነጋገር የሚቀናው። ሌላው ሾፌራችን ነው፤ ጡረታው የተቃረበ የዳንግላ ሰው፣ ወሬ ካቆመ መኪናው የሚቆምበት ይመስለዋል። መመርመሪያ፣ ኪኒንና ጥቂት አጎበር ጭነናል። የተሰጠን ያለው ነው። በዚያ ዓመት ወባ ያልበረታበት ቆላ አልነበረምና፣ የነበረው መድኃኒት በየአቅጣጫው ተከፋፍሎ ነበር።

መኪናችን አንድ ወንዝ ጋ ሲደርስ አላልፍ አለ። የክረምቱ ጎርፍ መሻገሪያውን ቦርቡሮታል። ከወንዙ ማዶ አንድ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ፈረስ ይዘው ቆመዋል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በውሃው ውስጥ ወደ እኛ ተሻገሩ።

«እናንተ ናችሁ ከእንጅባራ የምትመጡት?»

«እኛ ነን አባቴ። እንደምን ዋሉ? ደኅና ነዎት?»

«እኔማ ደኅና ነኝ» አሉ፣ ካርቶኖቹን ከመኪናው እየተቀበሉ። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ደኅና መሆን እንኳ ያሳፍራል።»

ዕቃውን ፈረሱ ላይ ጭነን በእግር ወረድን። በመንገድ ላይ እንደነገሩን፣ የአካባቢው የውሃ አባት ናቸው። የመስኖውን ውሃ ለማን በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ የሚወስኑት፣ ሰው በውሃ ሲጣላ የሚያስታርቁት እርሳቸው ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ጃዊ ወርዷል። ምራታቸው አብራቸው ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

ጤና ኬላው ጋ ስንደርስ ሰው ሣሩ ላይ ተኝቷል። አንዳንዱ ፀሐይ ላይ ሆኖ በኩታ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ልብሱን አውልቆ ጥላ ፍለጋ ይሳባል። የደወለችልኝ ልጅ በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አንገቷ ድረስ ጠቅልላ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ የአንዲት ሕፃን ጣት ይዛ ለመውጋት ትሞክራለች። ጠጋ ብዬ መርፌውን ተቀበልኳት።

«መጣሽ?» አለችኝ። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ያን ቀን ከመርፌና ከጣት ቀና አላልንም። ባለሙያው የመረመረውን በተርታ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ ወባ አለ የሚለው ሁለተኛው ቀይ መስመር ብቅ ይላል፤ ሌላውም ላይ ብቅ ይላል። አብዛኛው የከፋው ዓይነት ወባ ነበር፣ ጭንቅላት ላይ የሚወጣው። መጀመሪያ ላይ አንድ አንድ ሲወጣ ያሳየኝ ነበር። በኋላ ማሳየቱን ተወው። እኔም ማየቱን ተውኩ።

ሽማግሌው ምራታቸውን ይዘዋት መጡ። ገና ልጅነቷ ያልለቀቃት፣ ዓይነ አፋር ናት፤ ጣቷን ስወጋት ፊቷን ወደ አማቷ አዞረች። ጠበቅን። አንድ መስመር ብቻ ወጣ።

«ነጻ ነሽ» አልኳት።

ፈገግ አለች። ከያዝነው አጎበር አንዱን ሰጠኋትና እንዴት እንደሚሰቀል አሳየኋት። አማቷም ደስ ብሏቸው «ይኸው፣ እግዜር አንዷን አተረፈልን» አሉ። ያን ቀን ለሰው ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ ሰው ፈገግ ያሰኘ ያ አንዱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ትንኙን መፈለግ ነው። በማግስቱ ጭልፋዬን ይዤ፣ ሽማግሌው እየመሩኝ ወጣን። የወንዙ ዳር ላይ የቀረ ኩሬ፣ ለጭቃ ቤት ሲባል የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ረግረግ፣ ሁሉንም ጨለፍኩ። አንዳንዱ ላይ ጥቂት እጭ አለ፤ ይሄን ሁሉ ሰው የሚጥል ግን አልነበረም።

«ቆይ፣ የእኛን ሥራ ሳላሳይሽማ አትሄጂም» አሉኝ። ይዘውኝ የሄዱት ወደ ግድቡ ነው። ትንሽ የአፈርና የድንጋይ ግድብ ናት፤ ሁለት ጉብታዎች መሃል የምትወርደውን ምንጭ አቁራታለች፤ ውሃው ሰፊ ሆኖ ተኝቷል። ከሥሩ ቦይ ወጥቶ ወደ ማሳው ይሄዳል። ማሳው ላይ የሽንኩርት ችግኝ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል፤ ከወዲያ ድንች አለ።

«መንግሥት አልሠራልንም» አሉ። «በዶማ ነው። ድንጋዩን ሴቱም ወንዱም ተሸክሞ ነው። ድሮ እኛ በዓመት አንዴ ነበር የምናመርት፤ ክረምቱ ከከዳን አለቀ። አሁን በበጋም እንበላለን። ልጆች ዳንግላ ልከን እናስተምራለን።»

እየሰማኋቸው ዳርቻው ላይ ተቀመጥኩና ጨለፍኩ። ጭልፋው ነጭ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል። ሌላ ቦታ ጨለፍኩ። ሌላም። ሽማግሌው ንግግራቸውን አቆሙ፤ አጎንብሰው ከትከሻዬ በላይ ተመለከቱ።

«ምንድን ናቸው?»

«የትንኝ እጮች ናቸው አባቴ። ውሃው ላይ እንዲህ ጋደም የሚሉት የወባዋ ናቸው።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

ከዚያ በእጃቸው ጭልፋውን ተቀብለው ራሳቸው ጨለፉ፤ ከሌላ ዳር፣ ሣሩ ከሚበዛበት። እዚያም አለ። ውሃውን መልሰው ሊደፉት ሲሉ እጃቸው ቆመ፤ መልሰው ወደ ግድቡ አልደፉትም፤ ደረቁ መሬት ላይ አፈሰሱት።

እጭ የሚገድል ኬሚካል አለ። ውሃው ሳይነካ እጩን ያጠፋል። ኔትወርክ የምታገኝ አንዲት ጉብታ ነበረችና ወጥቼ ደወልኩ። በዚያ ሰሞን የለም ተባልኩ። የቤት ውስጥ ርጭትስ? እሱም ገና ነው። አጎበር? ያላችሁን አከፋፍሉ። ከጉብታው ስወርድ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃውን ማፍሰስ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። መቆም የሚችለው ነው የመጣው። ነገሩን በአማርኛ አስረዳሁ፤ ሽማግሌው በአዊኛ ደገሙት። አዊኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ መመለስ ግን አይሆንልኝም። የሰማሁት ግማሽ ይበቃል። አንዲት ሴት ተነስታ «አንዱ ዛሬ ይገድለናል፣ አንዱ ከርሞ ይገድለናል፤ የትኛው ይሻላል ነው የምትይን?» አለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በጥሩ አማርኛ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ መድኃኒቱን አምጪልንና ውሃችንን ተዪልን።»

«መድኃኒቱ እየመጣ ነው» አልኩት። እየመጣ ነበር፤ እንዲያ ብለውኛል። «ግን መድኃኒት የታመመውን ነው የሚያድነው። ትንኟ እያለች ነገ ሌላው ይታመማል።»

«ውሃው ከፈሰሰ ነገ ያበቃል?»

«ነገ አይደለም። አሁን የሚበሩት እስኪያልቁ፣ የተነከሰውም እስኪለይለት፣ ሳምንታት ይሄዳል።»

ማጉረምረሙ ተነሳ። እውነቱን ስለነገርኳቸው ነገሩ የበለጠ ከበዳቸው። ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ የሌላውን ቃል ከማስተላለፍ በቀር የራሳቸውን አልተናገሩም ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ገድቡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የሰማችሁኝ እናንተ ናችሁ። አሁንም ከሰማችሁኝ እንልቀቀው። የመጀመሪያውን ዶማ እኔ ልምታ።»

በማግስቱ ጠዋት መቱ። አፈሩ ጠጥሮ ነበርና ወዲያው አልተበገረም፤ ወጣቶቹ ሊያግዟቸው ቢጠጉም ለብቻቸው ትንሽ መቱ። ኋላ ሰዉ ሁሉ ገባበት። ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ፤ ከዚያ አፈሩን ቦደሰውና በአንድ ጊዜ እየጮኸ ወረደ። ሕፃናቱ ደስ ብሏቸው በዳር በዳር ተከትለውት ሮጡ። እናቶቻቸው ቆመው ያዩ ነበር፤ አንዷም ልጇን አልጠራችም። ወደ ረፋዱ ላይ የተኛው ውሃ ጭቃ ብቻ ሆነ። ሽማግሌው ዶማቸውን በሣር ጠረጉ፤ ደጋግመው፣ ብረቱ ከጸዳ በኋላም ጠረጉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ትክክለኛውን ነገር አደረግን ብዬ አምን ነበር። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ማሳው ላይ ያለውን ሽንኩርት አየሁና ተውኩት።

በዚያው ሳምንት ኪኒኑ አለቀ። መመርመሪያውም ተከትሎ አለቀ። የላቦራቶሪው ባለሙያ በማይክሮስኮፑ እየመረመረ እዚያው ቀረ፤ የኤክስቴንሽኗ ልጅም ኪኒኗን ጨርሳ ቀና ብላ ነበርና አብራው ቀረች። እኔና ሾፌሩ መድኃኒቱን ለማምጣት ወደ ዳንግላ ወጣን። ነገ እንመለሳለን ብዬ ነበር የተነሳሁት።

ዳንግላ ስንደርስ መድኃኒቱ የሚመጣበት ዋናው መንገድ ተዘግቷል። በዚያ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው መቼ ይከፈታል የሚለው ብቻ ነው። መድኃኒታችን ተጭኖ ተነስቷል፤ የት እንደቆመ ግን የሚያውቅ የለም። ስልክ አይሠራም። ባጃጆቹ እንኳ ቆመዋል። ገበያው ቀን ቢሆንም ሰው የለበትም፤ አንዲት ሴት ጥቂት ቃሪያ ዘርግታ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ፋርማሲዎቹን አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ያለው ሁሉ አልቋል። አንዷ ፋርማሲስት መደርደሪያዋን ዞራ አሳየችኝ፤ ለራሷ ልጆች ብላ ካስቀመጠችው ከፍላ ሰጠችኝ። አመሰገንኳት፤ እጄ ላይ ሳየው ግን ለአንድ ቤት ሰው የሚበቃ አልነበረም።

ከዚያ መቀመጥ ነው። ያረፍንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ስልኬን አነሳለሁ፤ አስቀምጣለሁ። ሾፌሩ ወሬው አልቆበት ነበር፤ መኪናውን ያጥባል፣ የታጠበውን ደግሞ ያጥባል። ቁልቁል እነዚያ ሰዎች ጤና ኬላው በር ላይ ተቀምጠው ወደ መንገዱ እንደሚያዩ አውቃለሁ። ማወቄ ለማንም አልጠቀመም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ወንበር ግን የከበደኝ ነገር የለም። ሰው ሲሞት ቢያንስ እጁን ይዘህ ትቆማለህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት መንገዱ ተከፈተ ተባለ። እንደገና ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሚኒባስ ከሰው መሃል ሁለት ካርቶን አደረሰልን። ከምንጠብቀው ያንሳል፤ ግን ኪኒን ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጫነውና ቁልቁል ወረድን።

ወንዙ ጋ ከመድረሳችን በፊት ዳገቱ ላይ ሰዎች ሲመጡ አየን። ቃሬዛ ተሸክመዋል። ከኋላ ፈረስ የሚጎትቱት ቀጭን ረጅም ሰው እርሳቸው መሆናቸውን ከሩቅ አወቅሁ። ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። ሮጬ ሄድኩ።

«ማን ነው?»

ሽማግሌው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«ነጻ ያልሻት ናት» አሉኝ።

እንደ ወቀሳ አልነበረም። ማን እንደሆነች እንድለይ ብቻ ነው የተናገሩት። የዚያን ቀን ነጻ ነበረች፤ መመርመሪያው አልዋሸም። ከዚያ በኋላ ያዛት፣ ወይም በደሟ ውስጥ ገና ያልታየ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለማን ይነገራል?

ጋቢውን ገለጥኩ። ሰውነቷ ይፋጃል፤ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል፤ ስጠራት አትሰማም። በየመሃሉ መንጋጋዋ ግጥም ይላል። መኪናው ውስጥ ሁለት ካርቶን ኪኒን አለ። መዋጥ ለማትችል ሴት ኪኒን ምን ያደርጋል? የሚያስፈልጋት መርፌ ነው፤ መርፌው ያለው ዳንግላ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ።

ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ ካርቶኖቹን ፈረሱ ላይ ጭነው ወደ ቀበሌው ወረዱ። እርሷን የኋላው ወንበር ላይ አስተኛናት፤ ሽማግሌው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ደገፉ። ሾፌሩ መኪናውን አዞረ።

መንገዱን ሙሉ በአዊኛ ያወሯት ነበር። ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ግማሹን እየሰማሁ መጣሁ። ባልሽ ከጃዊ ተመልሷል ይሏታል። ዳንግላ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ደረስን፣ ትንሽ ነው የቀረን፣ ቆሞ ይጠብቅሻል። ባሏ አልተመለሰም። መታመሟንም አልሰማም፤ ጃዊ ማን ደውሎ ይነግረዋል? ከፊት ተቀምጬ መንገዱን ብቻ ነበር የማየው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሣሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል። ነርሶቹ እየሮጡ ነበር። አልጋ ባይኖርም መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፉላትና መርፌውን ወጓት። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ እዚያ አልነበረም። ግን መሄድ አልቻልኩም፤ ከሽማግሌው ጋር ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

አንዲት ነርስ ወጥታ እኔን ጠራችኝ። ጽንሱ እንደማይተርፍ፣ ምናልባትም ከመምጣቷ በፊት እንዳለቀ ነገረችኝ። እናቲቱን ግን ገና አናውቅም አለች። ተመልሼ ስሄድ ሽማግሌው ፊቴን አዩ።

«ልጁ ነው?»

«አዎ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኋላ «እሷ ትትረፍ» አሉ። ለእኔ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም።

ተረፈች። ከሁለት ቀን በኋላ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። እኔ ልሰናበት ገብቼ ነበር። አማቷ በማንኪያ ውሃ ሲሰጧት ዙሪያዋን ቃኘች፤ እኔን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ለዚህ መተርጎም አላስፈለገኝም።

«የት አለ?»

ከማይሰማ ሰው ጋር የሚያወሩ መስሎን ነበር፤ ለካስ ሰምታ ኖሯል። ሽማግሌው ማንኪያውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ያህል ዕድሜ ያለው ሰው፣ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያስታርቅ ሰው፣ ምን ልበል ብሎ እኔን ሲያይ እኔም ወደ መሬት አየሁ። በመጨረሻ «ይመጣል» አሏት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሆዷን በእጇ ዳሰሰች፤ የዚያን ጊዜ ነው የገባት መሰለኝ። ማንም አልነገራትም።

ባሏ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ እሱም ጃዊ ላይ ታሞ፣ ከስቶ። የሆነውን የሰማው ወንዙ ጋ ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች እንደሆነ የኤክስቴንሽኗ ልጅ ነገረችኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ትኩሳቱ እየቀነሰ ሄደ። ብርዱ ወደ ቆላውም ወረደ፤ የኩሬው ሁሉ ውሃ ደረቀ፤ ኪኒኑም ዘግይቶም ቢሆን በቂው መጣ። ወረርሽኙ በቁጥጥር ስር ውሏል ብለን ሪፖርት አደረግን። ውሸት አይደለም። ግን ማን እንደተቆጣጠረው ብጠየቅ አላውቅም። የሞቱትን መቁጠር የእኔ ሥራ ነበር፤ ቆጥሬያለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለእኔ ቁጥር ሆነው ስላልቀሩ።

የካቲት ላይ ለክትትል ወረድኩ። ሽማግሌው ማሳቸው ላይ ነበሩ። ሽንኩርቱ ደርቆ መሬቱ ላይ ገለባ ሆኗል፤ ከብት ተለቆበታል። ምራታቸው ከቤቱ ብቅ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ጉንጬን ስማ፣ «ግቢ እንጂ፣ አረፍ በይ» አለችኝ። ስለ ሌላው ነገር አላነሳንም። ሽማግሌው እስከ ወንዙ ሊሸኙኝ ተነሱ። መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ውሃውን ባንለቀው ኖሮ ከዚህ ይብስ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ዳንግላ ወንበሩ ላይ ሆኜ ራሴን ስጠይቅ ነበር የከረምኩት። መጻሕፍቱ የሚሉት አለ፤ የማምነውም አለ። እርሳቸው ግን የጠየቁኝ ይህንን አይደለም።

«ይብስ ነበር ብዬ አምናለሁ አባቴ። ግን አላውቅም።»

«እኔም ሰዎቹ ሲጠይቁኝ አላውቅም ነው የምላቸው» አሉ። «እኔን ይቆጡኛል። እንደገና ሊገድቡት ነው፤ ከመጪው ክረምት በኋላ። አልከለከልኳቸውም። የምን አፍ አለኝና?»

ግድቡ ቢሠራ በየሳምንቱ ውሃውን ዝቅ አድርጎ ዳርቻውን ማድረቅ እንደሚቻል፣ እጩ ሳይበር እንደሚሞት፣ ሣሩንም ማጽዳት እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። የውሃ አባትነቱን ለሌላ ሰው እንደሰጡ፣ ለእሱ ግን እንደሚነግሩልኝ ተናገሩ። ከዚያ፣

«አጎበርስ? ለየቤቱ የሚበቃ ታመጪልናለሽ?» አሉኝ።

«እጠይቃለሁ» አልኳቸው።

ጠይቄያለሁ። ደግሜም ጠይቄያለሁ። ይህን ስጽፍ እንጅባራ ላይ ክረምቱ ገብቷል፤ የቆላው መንገድ በጭቃ ተዘግቷል ይላሉ። አጎበሩ ገና አልመጣም።